ታይላንድ ወይስ ቬትናም? መጀመሪያ ወሩ ይታወቅ

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማነሳው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እስያ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ሁሉ የሚያመላልሰውን ጥያቄ ነው፤ ታይላንድ ይሻላል ቬትናም? ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከምግቡና ከባህር ዳርቻው ነው። ሁለቱም አገር በምግብም በባህርም ስለማይታሙ በዚያ በኩል ሚዛኑ ወደ የትም አያጋድልም። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ በየትኛው ወር ነው የምትሄዱት? ስንት ቀንስ አላችሁ? እነዚህ ሁለቱ ከተመለሱ አብዛኛውን ጊዜ አገሩም አብሮ ይለያል።

ከወሩ ልጀምር። ወሮቹንም ዓመታቱንም የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ቬትናም ከሰሜን እስከ ደቡብ 1,650 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትረዝም ቀጭን አገር ናት፤ አየሯም እንደ ርዝመቷ ይለያያል። በጃንዋሪ ደቡብ ባለችው ሆ ቺ ሚን ከተማ በካናቴራ ይኬዳል፣ ሰሜን ባለችው ሃኖይ ጃኬት ያስፈልጋል፣ ተራራ ላይ ያለችው ሳፓ ደግሞ ሙቀቱ ወደ ዜሮ የሚወርድበት ሌሊት አላት። መካከለኛው ክፍል፣ ማለትም ሁዌ፣ ዳ ናንግና ሆይ አን፣ ዋናውን ዝናብ የሚያገኘው ሰሜኑ ማባራት ሲጀምር ነው፤ ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር ድረስ፣ ከሁሉም በላይ ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ። የሆይ አን አሮጌ ከተማ ወንዝ ዳር ስለተቀመጠች በእነዚያ ሁለት ወሮች ውሃው ሞልቶ መንገድ ላይ ሲወጣና ሰው በጀልባ ሲመላለስ ማየት የተለመደ ነው። «ኖቬምበር ለደቡብ ምሥራቅ እስያ ምርጥ ወር ነው» የሚለውን ጥቅል ምክር ይዞ የሄደ ሰው ሆይ አን ላይ ጎርፍ የሚጠብቀው በዚህ የተነሳ ነው። ሰሜኑም መካከለኛውም ደቡቡም ባንድ ጊዜ ደህና የሚሆኑት በማርችና በኤፕሪል ነው። ሙሉውን አገር በአንድ ጉዞ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ከዚህ ጊዜ አትውጡ።

ታይላንድ ላይ ቀላሉ ጊዜ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ነው፤ ዝናቡ ያበቃል፣ ሙቀቱም ይበርዳል። ባህሯን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የባህር ዳርቻዋ ሁለት ነው። በምዕራብ በኩል አንዳማን ባህር ላይ ያሉት ፑኬትና ክራቢ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ዝናብና ማዕበል ይበዛባቸዋል። በምሥራቅ በኩል የታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ያለችው ደሴት ኮ ሳሙይ ደግሞ ዝናቧ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ነው፤ ኖቬምበር ከሁሉም ይከፋል። ስለዚህ በጁላይ የሚሄድ ሰው ፑኬትን ትቶ ሳሙይን ቢይዝ ዕረፍቱ አይበላሽም። በኖቬምበር መጨረሻ ከሆነ ተቃራኒውን ያድርግ።

ሰሜኑን፣ ቺያንግ ማይን ለብቻው ላንሳው፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ የጉዞ ማስታወቂያዎች ይህን አይነግሯችሁም። ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ኤፕሪል ድረስ ገበሬው የሰብል ቅሪት ያቃጥላል፣ ደኑም ይነዳል። ከተማዋ በተራሮች የተከበበች ሸለቆ ውስጥ ስላለች ጭሱ መውጫ አጥቶ እዚያው ይተኛል። ተራራው ከዓይን ይሰወራል፣ ጉሮሮም ይከረክራል። አስም ያለበት ሰው፣ ትንሽ ልጅ ወይም አረጋዊ አብሮ ካለ በእነዚህ ሳምንታት ቺያንግ ማይን ከእቅዳችሁ አውጡት።

በዓላቱንም አስቡባቸው። የቬትናም አዲስ ዓመት ቴት በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚወጣ በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሩዋሪ መካከል ይዋዥቃል። በዚያ ሰሞን አገሩ በሙሉ ወደ ቤተሰቡ ይጓዛል፤ የባቡርና የአውሮፕላን ቲኬት ቀድሞ ያልቃል፣ ሱቅና ምግብ ቤትም ለቀናት ይዘጋል። ለመጀመሪያ ጉዞ አልመክረውም። የታይላንዱ ሶንግክራን ከኤፕሪል 13 እስከ 15 ሲሆን ሰው ጎዳና ላይ ውሃ የሚረጫጭበት በዓል ነው። እሱ ደስ ይላል፤ ስልካችሁንና ፓስፖርታችሁን ብቻ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ያዙ።

አሁን ወደ ቀናቱ። ታይላንድ ላይ ሁሉም ነገር ከባንኮክ ይነሳል። ሦስት ሌሊት ባንኮክ አድርጋችሁ፣ ከዚያ ውስጥ አንዱን ቀን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ጥንታዊቷ አዩታያ ደርሳችሁ መመለስ ይቻላል፤ ከዚያ ወይ ወደ ሰሜን ወይ ወደ ባህር። ለስምንት ቀን ይህ በቂ ነው። አንዱን ብትሰርዙት ሌላው አይፈርስም። ቬትናም ግን ቀጥ ያለ መስመር ናት፤ ከሃኖይ እስከ ሆ ቺ ሚን ያለው ሐዲድ 1,726 ኪሎ ሜትር ነው፣ ባቡሩም ከ30 ሰዓት በላይ ይፈጃል። አንድ ቦታ ከዘገያችሁ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይገፋል። በስምንት ቀን ሰሜኑን፣ መካከሉንና ደቡቡን ልይ ያለ ሰው የሚያየው ኤርፖርት ነው። ለአሥር ቀን ሁለት ክፍል ብቻ ምረጡ። ሃኖይን ከሃ ሎንግ ባሕረ ሰላጤ ወይም ወንዝና የድንጋይ ኮረብታ ካለበት ኒን ቢን ጋር አድርጋችሁ፣ ከዚያ በአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ በረራ ዳ ናንግ። ባቡሩን ካማራችሁ ከሁዌ ዳ ናንግ ያለውን ሦስት ሰዓት ገደማ ያዙ፤ የሃይ ቫን ተራራን እየታከከ ከባህሩ በላይ ይሄዳል፣ ከመስመሩ ሁሉ ውቡ እሱ ነው። ወደ ዳ ናንግ ስትሄዱ ባህሩ በግራ በኩል ነው።

ባንኮክ ሁለት ኤርፖርት አላት፤ ሱቫርናብሁሚና ዶን ሙዌንግ። ርካሽ የአገር ውስጥ በረራዎች ብዙዎቹ ከዶን ሙዌንግ ስለሚነሱ፣ በሱቫርናብሁሚ አርፋችሁ በዚያው ቀን በዶን ሙዌንግ የምትቀጥሉ ከሆነ በመካከሉ ቢያንስ አምስት ሰዓት ተዉ።

ቪዛው እንደ ፓስፖርታችሁ ስለሚለያይ የየኤምባሲውን ገጽ ማየት የግድ ነው። ሆኖም ቬትናም ከኦገስት 2023 ጀምሮ ለሁሉም አገር ዜጋ እስከ 90 ቀን የሚያገለግል ኢ-ቪዛ ትሰጣለች፤ ለአንድ ጊዜ መግቢያ 25 ዶላር፣ ለተደጋጋሚ 50 ዶላር። ቅጹ ላይ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ስም ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ሙሉ ስም፣ የአያትም ካለ እሱን ጨምራችሁ፣ አንድ ፊደል ሳታጎድሉ ጻፉ። የምትገቡበትን ኤርፖርትም ምረጡ ይላችኋል፤ ሃኖይ ብላችሁ ሞልታችሁ በዳ ናንግ ለመግባት አትሞክሩ። ስህተት ከተገኘ የከፈላችሁት አይመለስም። ታይላንድ ደግሞ ከሜይ 2025 ጀምሮ በኢንተርኔት የሚሞላ የመግቢያ ካርድ አላት፤ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ይሞላል፣ ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካያችሁ ዝጉት። ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች የሚነሳ ሰው ለታይላንድ የክትባት ካርዱን ይያዝ፤ ክትባቱ የሚጸናው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው።

ገንዘብ። ታይላንድ ውስጥ ኤቲኤሙ በውጭ ካርድ ገንዘብ ባወጣችሁ ቁጥር ከ200 ባህት በላይ ይቆርጣል፤ በትንሽ በትንሹ ማውጣት ያከስራል። ቬትናም ውስጥ ችግሩ ዜሮው ነው። 500,000 ዶንግ እና 20,000 ዶንግ ሁለቱም ሰማያዊ የፕላስቲክ ኖቶች ናቸው፤ ማታ ታክሲ ውስጥ በደካማ መብራት አንዱን በሌላው መስጠት ማለት 25 እጥፍ መክፈል ነው። ገና ኤርፖርት ሳላችሁ 500,000ዎቹን ለይታችሁ ሌላ ኪስ ውስጥ አስቀምጡ። በሁለቱም አገር ግራብ የተባለው የታክሲ መጥሪያ መተግበሪያ ይሠራል፤ ዋጋውን አስቀድሞ ስለሚያሳይ የመጀመሪያውን ቀን ክርክር ያስቀራል።

ሞተር ሳይክል ለመከራየት ያሰበ ሰው ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃዱን ያገላብጠው። ቬትናም የምትቀበለው በ1968ቱ ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት የተሰጠውን ነው፤ ታይላንድ የ1949ኙንም ትቀበላለች። የሞተር ምድብ ካልተፈቀደበት ደግሞ በሁለቱም አገር አይሠራም። አከራዩ ፈቃድ ሳይጠይቅ ቁልፉን ይሰጣችኋል፤ አደጋ ሲደርስ የሚጠይቀው ኢንሹራንሱ ነው፣ ያኔ የሆስፒታሉን ሂሳብ የሚከፍል አይኖርም።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ። ከአሥር ቀን በታች ካላችሁ፣ ልጆች ወይም አረጋውያን ካሉበት፣ ወይም ጉዞው ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ ከሆነ፣ ታይላንድ። ሁለት ሳምንት በማርች ወይም በኤፕሪል ካገኛችሁ ሳላመነታ ቬትናም እላለሁ፤ በዚያ ወር የታይላንድ ሰሜን በጭስ፣ ባንኮክም በከባድ ሙቀት ውስጥ ናቸው። ቬትናምን ከመረጣችሁ ደርሶ መልስ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት በሃኖይ ገብቶ በሆ ቺ ሚን የሚወጣውን ዋጋ ጠይቁ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ እሱን ግዙ፤ የመጡበትን መስመር ለመመለስ የሚባክነው ቀን ይተርፋችኋል።