ብልሽቱ ያልተነገረለት ሞተር

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ የኮሌጁ አሠልጣኞች፣ የሙያ አጋሮቼ የጋራዥ ባለቤቶች፣ ውድ የአውቶሞቲቭ ሠልጣኞች፤

የኮሌጁ አመራር እንድናገርበት የሰጠኝ ርዕስ በጥያቄ መልክ የቀረበ ነው፦ የናፍጣ ሞተር ጥገናን በኢንተርኔት ኮርስ መማር ይሻላል ወይስ ጋራዥ ገብቶ በእጅ እየሠሩ መልመድ? ጥያቄው ሲደርሰኝ መልሱ ቀላል መስሎኝ ነበር። ከጂቡቲ መስመር የሚመለሱ የጭነት መኪናዎችን እዚሁ አዳማ ለሠላሳ ዓመት ያህል ስጠግን የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ «ሙያ ከእጅ እንጂ ከስልክ አይገኝም» ብዬ ከመድረኩ ልወርድ አስቤ ነበር። ይሁንና ንግግሩን ለማዘጋጀት ስቀመጥ በራሴ ጋራዥ ውስጥ የሆኑ ሁለት ነገሮች ትዝ አሉኝ፤ አንዱ ለእኔ የሚፈርድ፣ ሌላው በእኔ ላይ የሚፈርድ። በእኔ ላይ በሚፈርደው ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ኮመን ሬል (ለሁሉም ኢንጀክተሮች ነዳጅ በከፍተኛ ግፊት አምቆ የሚይዝ የጋራ ቧንቧ) የተገጠመለት አንድ የጭነት መኪና፣ አንዱ ሲሊንደር አልሠራ ብሎት እየተንዘፈዘፈ ወደ ግቢያችን ገባ። በአሮጌዎቹ ሞተሮች ላይ በሽተኛውን ሲሊንደር የምንለይበት ዘዴ ከአለቆቻችን የወረስነው ነው። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ወደ እያንዳንዱ ኢንጀክተር፣ ማለትም ነዳጁን ሲሊንደር ውስጥ ወደሚረጨው ዕቃ፣ የሚሄደውን የነዳጅ ቧንቧ ዳዶ (ማጥበቂያ) በየተራ እናላላለን፤ ዳዶው ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ችግሩ ያለው እዚያ ነው። እኔም እንደ ልማዴ ቁልፌን ይዤ ጎንበስ ስል፣ ጋራዡ ከገባ ገና ስድስት ወር ያልሞላው ወጣት ክንዴን ያዘና «ጋሼ፣ እሱን አይንኩት!» አለኝ። በእኛ ሙያ ረዳት የአለቃውን እጅ አይዝም፤ መቆጣቴን አልደብቃችሁም።

ልጁ ግን ማታ ማታ በስልኩ ከሚከታተለው ኮርስ የተማረውን ረጋ ብሎ አስረዳኝ። አሮጌው ኢንጀክተር የሚከፈተው በ200 ባር አካባቢ ግፊት ሲሆን፣ በኮመን ሬል ውስጥ ግን ነዳጁ በ1,600 ባር፣ በአንዳንዱም ከ2,000 በላይ ታምቆ ይቆያል። በዚህ ግፊት የሚፈናጠር ናፍጣ ጓንትና ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ቀዳዳው የመርፌ ውጊያ ያህል ስለሆነ የተጎዳው ሰው ይንቀዋል፤ ቶሎ ሐኪም ካላየው ግን ጣት እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ነዳጅ የሚያፈስበት ቦታ የሚፈለገው በመዳፍ እየዳበሱ ሳይሆን ካርቶን አስጠግቶ ነው። ይህን ሁሉ የነገረኝ የልጄ እኩያ የሆነ ልጅ ነው።

ያን ዕለት ማታ ያሰብኩት ስለ ግፊቱ ብቻ አልነበረም። አለቃዬ ዳዶ ማላላትን አስተማረኝ እንጂ፣ ያን ጊዜ ለምን እንደማይጎዳኝ አልነገረኝም፤ ለእሱም የነገረው አልነበረም። እኛ በጋራዥ ያደግን ሰዎች አሠራሩን ወረስን እንጂ ምክንያቱን አልወረስንም፤ ስለዚህ ሞተሩ ሲለወጥ ያው አሠራር እጅ የሚያሳጣ ሆነ። የቴስታታ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል፣ ብሎንም እንደዚሁ ነው። ስንቶቻችን ነን በክንዳችን ስሜት ብቻ «ይበቃዋል» እያልን ስናጠብቅ የኖርን? ዛሬ ብዙ ሞተሮች በመለኪያ ቁልፍ በተወሰነ ኃይል ከጠበቁ በኋላ በዲግሪ ተለክቶ የሚዞር ብሎን አላቸው፤ አንዴ ከተለጠጠ ተመልሶ የማይገጠም ብሎንም አለ። ይህን ከስልኩ ያወቀ ወጣት፣ ይህን ካላወቀ የሠላሳ ዓመት አለቃ በዚህች ነገር ይበልጣል።

አሁን ወደ ሌላው ታሪክ ልለፍ፤ ባለታሪኩ ያው ልጅ ነው። አንድ ሾፌር ኢሱዙ ይዞ መጣ። «ለአንድ ሰዓት ያህል ደህና ይሄዳል፤ ከዚያ ጉልበት ያጣና ይጠፋል፤ ትንሽ ካሳረፍኩት ደግሞ ይነሳል» አለን። ልጁ ስካነሩን (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን መሣሪያ) ሰካ፤ መሣሪያውም የነዳጅ ግፊት ማነሱን የሚያመለክት ኮድ አወጣ። ከዚያ ኮርሱ ባስተማረው ቅደም ተከተል አንድም ሳይዘል ሄደ። ፊልትሮውን ቀየረ፣ ፖምፓውን መረመረ፣ ኢንጀክተሮቹን አውልቆ አስፈተሸ። ሁሉም ደህና ነበሩ። መኪናው ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ተጎትቶ ተመለሰ፤ የሾፌሩም ትዕግሥት አለቀ።

በሦስተኛው ጊዜ እኔው ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ ወጣሁ። ወለንጪቲን አልፈን መተሐራ ሳንደርስ ሞተሩ ጠፋ። ሾፌሩን ምንም እንዳይነካ ነግሬው ወርጄ ወደ ነዳጅ ታንከሩ ሄድኩ። ክዳኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሾፌሩ አቧራ እንዳይገባ ብሎ አፉን በድርብ ፌስታል ሸፍኖ፣ ከካላማዳሪ በተቆረጠ ማሰሪያ ጥፍር አድርጎ አስሮታል። ፌስታሉ ወደ ውስጥ ተስቦ ጎድጉዷል። ማሰሪያውን ስፈታው ታንከሩ እንደ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። የሚወጣውን ነዳጅ የሚተካ አየር መግቢያ አጥቶ ፖምፓው መሳብ እስኪያቅተው ድረስ ታፍኖ ነበር። ጥቂት ቆይተን ሞተሩን አስነሣነው፤ ከዚያ በኋላ አልጠፋም።

ልብ በሉ፣ ስካነሩ አልዋሸም፤ የነዳጅ ግፊቱ በእርግጥ አንሶ ነበር። ኮርሱም አልተሳሳተም፤ የዘረዘራቸው ምክንያቶች ሁሉ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። በየትኛውም ኮርስ ላይ የማይገኘው ፌስታሉ ነው።

የዛሬው ዋና ሐሳቤ እዚህ ላይ ነው። በኢንተርኔት በምታዩት ትምህርት ውስጥ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ብልሽቱ ታውቋል። አስተማሪው የተበላሸውን ኢንጀክተር መርጦ፣ ወልውሎ፣ ብርሃን አብርቶበት ነው የሚያሳያችሁ፤ እናንተም ስታዩ የሚገባችሁ ጥገናው ነው። በጋራዥ በር የሚገባ መኪና ግን ይዞ የሚመጣው ብልሽት ሳይሆን አቤቱታ ነው፦ «ጉልበት አጣ»፣ «ይጨሳል»፣ «ጠዋት አልነሳ ይላል»። ከአቤቱታው እስከ ብልሽቱ ያለው መንገድ የሙያው ትልቁ ክፍል ነው፤ ፍሬውን ካገኛችሁት በኋላ መፍታትና መግጠሙ የጉልበትና የጥንቃቄ ጉዳይ ነው። ያንን መንገድ ደግሞ ሰው የሚማረው ራሱ ተሳስቶ፣ መሳሳቱን የሚያይለት አለቃ አጠገቡ ቆሞ ነው።

በዚያ ላይ ስክሪን የማያደርሳቸው ነገሮች አሉ። ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ሊሆን ይችላል፤ ከራዲያተር ወደ ሲሊንደር የገባ ውኃም ሊሆን ይችላል። በቪዲዮ ሁለቱም ነጭ ናቸው። ከጭስ ማውጫው ኋላ የቆመ ሰው ግን አንደኛው ዓይን እንደሚቆጠቁጥ፣ የሁለተኛው እንፋሎት ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ካለበት ጣፋጭነት ያለው ሽታ እንዳለው ለይቶ ያውቃል። የብሎን ክር ሊበላ ሲል እጅ ላይ የምትመጣ አንዲት መለስለስ አለች፤ እሷን እንዴት አድርጌ በቃል እንደምገልጽላችሁ ይኸው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

የአገራችንም መልክዐ ምድር የራሱ ትምህርት አለው። አንድ የጭነት መኪና ከጂቡቲ ወደብ፣ ማለትም ከባሕር ወለል ተነሥቶ፣ የአፋርን ሐሩር አቋርጦ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳላት አዲስ አበባ ይወጣል። እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ክዳን በሌለው ዕቃ የተጣደ ውኃም በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ስለዚህ የራዲያተር ክዳኑ የላላበት መኪና ቆላ ላይ የታገሠውን ደጋ ላይ ላይታገሥ ይችላል፤ ተርቦው (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ዕቃ) የደከመ ሞተርም ዳገቱ ላይ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ለሜዳ አገር ሠልጣኝ የተዘጋጀ ኮርስ ይህን ባያነሳ አልፈርድበትም።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልበል። እኛ ቴስታታ፣ ቢዬላ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ እያልን ነው የሠራነው፤ ቃላቱ የጣሊያን ናቸው፤ በጋራዥ ግን አማርኛ ከሆኑ ቆይተዋል። ኮርሱ የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው። ሠልጣኙ «ሲሊንደር ሄድ» ብሎ ይመጣል፤ አለቃው «ቴስታታውን አምጣ» ሲለው ይደናገራል፤ አለቃውም «ኮሌጅ የተማረ ተብዬ ቴስታታ አያውቅም» ብሎ ይስቅበታል። ሁለቱም አንድ ዕቃ እየጠሩ ነው። አሠልጣኞች ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ብትለጥፉልን ብዙ መናናቅ ይቀራል።

በወረቀት ማወቅ ብቻውን አለመብቃቱን ካነሳን፣ የናፍጣ ሞተር ፈልሳፊ ሩዶልፍ ዲዝልም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። ሐሳቡን በወረቀት አሟልቶ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1893 ነበር፤ አውግስቡርግ በሚገኘው ፋብሪካ ሞተሩ በአግባቡ ሠርቶ የተመሰከረለት ግን በ1897 ነው። በመካከል ያሉት አራት ዓመታት ከብረት ጋር የተደረገ ትግል ናቸው፤ ስሌቱን ከእሱ የበለጠ የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

ከመካከላችሁ «በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከልክሎ የለም ወይ? ናፍጣን ለምን እንማራለን?» የሚል ይኖራል። መልሱን ከዚህ ግቢ በር ወጥታችሁ በዋናው መንገድ የሚያልፉትን ተሳቢዎች ብትቆጥሩ ታገኙታላችሁ።

ወደ እናንተ ወደ ጋራዥ ባለቤቶች ልመለስ፤ ከእናንተ አንዱ ስለሆንኩ አትቀየሙኝም። ኮሌጁ ለትብብር ሥልጠና የሚልክልንን ልጆች ምን እያሠራናቸው ነው? ግቢ ይጠርጋሉ፣ ሻይ ያመላልሳሉ፣ ዕቃ ያጥባሉ። ዕቃ ማጠቡን አልቃወምም፤ ያለቀ ቡሽና (ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት) ያላለቀ ቡሽ በጣት የሚለየው ሲታጠብ ነው። ነገር ግን ከባድ ሥራ ሲመጣ ልጁን ሲጋራ ግዛ ብሎ መላክ፣ ወይም ጀርባ ሰጥቶ መሥራት፣ በእኛም የተሠራ ግፍ ነው፤ እኛ ስለቻልነው ለእነሱ ማውረስ የለብንም። ልጆቹን ወደ ስልኩ የገፋቸው አንዱም የእኛ ዝምታ ነው፤ ስልኩ ሲጠየቅ አይቆጣም።

ሠልጣኞች ደግሞ ኮርሱን ተከታተሉ፤ በተለይ ኤሌክትሪኩንና ኮመን ሬሉን ከእኛ ከአሮጌዎቹ በተሻለ ከዚያ ታገኙታላችሁ። ነገር ግን የኮርሱን የምስክር ወረቀት ይዛችሁ ስትመጡ የምጠይቃችሁ ስንት ቪዲዮ እንዳያችሁ አይደለም። የትኛውን ሞተር ፈትታችሁ እንደገጠማችሁና ስትጨርሱ ስንት ብሎን እንደተረፋችሁ ነው።

ለዚሁ ብዬ ዛሬ ጠዋት አንድ ባለ አራት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ከነመቆሚያው አምጥቼ ወርክሾፑ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ለኮሌጁ የሰጠሁት ነው። ይነሳል፤ ነገር ግን እንደሚገባው አይሠራም። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በአምስት በአምስት ተቧድናችሁ ትመረምሩታላችሁ፤ ስልክ መጠቀም ይፈቀዳል። የመጀመሪያው ቡድን ብልሽቱን ሲያገኝ ሌላ አበላሽቼበት ለሁለተኛው እሰጣለሁ። ምን እንዳደረግኩበት ለአሠልጣኞቻችሁም አልነገርኳቸውም።

አመሰግናለሁ።