መብራቱ የጠፋው ሰፈር፦ የአንጎል ምስል መርሳትን ቀድሞ ያያል?

ቁልፍ የት አስቀመጥኩ? ይሄ ሁላችንም ጋ አለ። ቁልፉን ይዞ “ይሄ ምን ያደርጋል?” ማለት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዛሬ የምናወራው መሃል ላይ ስላሉት ነው። ይረሳሉ፤ ግን ገበያ ወጥተው፣ መልስ ቆጥረው ይመለሳሉ። ከእነሱ መካከል ማን ወደ ዲሜንሺያ (ኑሮን ወደሚያውክ የመርሳት በሽታ) እንደሚያመራ ምስል ይነግረናል?

እስቲ እንጦጦ እንውጣ። ጃኬት ያዙ፣ ይበርዳል! በቀን አዲስ አበባን ቁልቁል ስታዩ ቤቱ ነው የሚታየው። የቆመው፣ የፈረሰው። ኤምአርአይ የሚባለው የአንጎል ምስል ይሄ ነው፤ ቅርፅ ያሳያል። አሁን እዚያው ቁጭ በሉ፣ ይምሽ። በቆሎ ጥብስ ካገኛችሁ ለእኔም። ሲመሽ ቤቱ አይታይም፤ መብራቱ ነው የሚታየው። አንዱ ሰፈር ጭልም ብሏል። ቤቶቹ ግን አልፈረሱም፣ ቀን አይተናቸዋል እኮ! በስኳር የሚሠራው ፔት ስካን (የትኛው የአንጎል ክፍል ስኳር እንደሚበላ የሚያሳይ ምስል) ይሄን ጨለማ ነው የሚያየው። አንጎል ከክብደታችን 2 በመቶ ገደማ ሆኖ 20 በመቶ ያህል ጉልበት ይበላል። መብላት የቀነሰ ሰፈር መብራቱ ደክሟል።

ቴክኒኩን ቶሎ ልበላችሁ። ኤምአርአይ ላይ ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ይታያል፤ አዲስ ትዝታ መዝጋቢው እሱ ነው፣ በአልዛይመር (አንዱ የዲሜንሺያ ዓይነት) ቀድመው ከሚኮማተሩትም አንዱ ነው። ሌላ ዓይነት ፔት ደግሞ አሚሎይድ የሚባለውን፣ አንጎል ውስጥ የሚከማች የፕሮቲን ቆሻሻ ያሳያል። በ2002 ስዊድን፣ ኡፕሳላ ውስጥ በሰው ላይ ተጀመረ። አለቀ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ አያችኋለሁ።

ባለፈው አንድ ተመልካች “እናቴ ኤምአርአይ ተነስታ ንጹህ ነው ተባለች፤ እንግዲህ እርጅና ነው አይደል?” አለኝ። ብዙ ሰው ላይክ አድርጎታል። አይደለም! ከተማዋን በቀን ብቻ ነው ያያችኋት። ቤቱ ሳይፈርስ መብራቱ ሊዳከም ይችላል።

ተቃራኒውም አለ። አሚሎይድ የተገኘበት ሁሉ አይታመምም። ጤነኛ አረጋውያን ላይም ይገኛል። ቆሻሻ የተከመረበት ሰፈር ውስጥም እኮ ሠርግ ይደገሳል! ምስል ዕድሉን ይገምታል እንጂ አይፈርድም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለውዱ ምስል ከመሯሯጥ በፊት የታይሮይድ (የአንገት እጢ) ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ የሚወሰደው መድኃኒት ይታይ። እነዚህም ያስረሳሉ፤ ብዙ ጊዜም ይስተካከላሉ። የሚረሱትን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ስትሄዱ አብሯቸው የሚኖረውን ሰው አስከትሉ። የድሮውን ምስል ሲዲም ያዙ። ከአንድ ኮረብታ፣ በተለያየ ዓመት የተነሱ ሁለት ፎቶዎች ናቸው ምን እንደፈረሰ የሚያሳዩት። ሲዲው ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ከሻንጣው ሥር ነው። ሁሉም ቤት እዚያው ነው።