«ሼፉን ጥሩልን»

ሰላም ናችሁ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፤ ድምፁ ከገባባችሁ ቻሉት፣ የባሕር ዳር ክረምት ነው እንግዲህ። ባለፈው ስለ አሳ ዱለት እቀጥላለሁ ብያችሁ ነበር። የጣና አሳ ይቆየን። ሌላ ነገር ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ አልወጣ ብሎኛል።

የዳግም ትንሣኤ እሑድ ነገር ነው። እትዬን፣ እኔ ሼፍ የሆንኩበትን ሆቴል ወጥ ሠሪ፣ መቼም ታውቋቸዋላችሁ፣ ስንቴ አውርቼላችኋለሁ። ያን ቀን ትልቅ ጠረጴዛ ነበረን፤ ዶሮ ወጥ ታዟል። እትዬ ቅዳሜ ማታ ቤታቸው አልሄዱም። ሽንኩርቱን በደረቁ ማቁላላት የጀመሩት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ስገባ ቁሌቱ በስሎ ዘይቱን መልሷል። ዶሮዎቹ በ12 በ12 ብልት ወጥተው፣ በሎሚና በጨው ታጥበው ተቀምጠዋል። ማማሰያው አሁንም እጃቸው ላይ ነው። እኔ ምን ሠራሁ? እንቁላል ላጥኩ። ሰላጣ ከተፍኩ። ሰሃኑ ላይ አሳምሬ አቀረብኩ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ከዚያ አስተናጋጁ መጣ። «ሼፉን ጥሩልን እያሉ ነው» አለ። ይህን ሲል የሚያየው እኔን ነው። ማንም ወደ እትዬ አልዞረም። እኔም አልዞርኩም። የነጩን ኮቴን ቁልፍ ቆለፍኩ። ከምድጃው እስከ አዳራሹ በር ሰባት ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። እዚያ መሃል መቆም እችል ነበር። «እትዬ፣ ይምጡ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ሁለት ቃል! አሁን ማታ ማታ ስተኛ እነዚያን እርምጃዎች እንደገና እሄዳቸዋለሁ። አንዳንዴ አራተኛው ላይ እቆማለሁ። ያን ቀን ግን አልቆምኩም።

ወጣሁ። አጨበጨቡ። አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ተነሥተው «እጅህን ቁርጥማት አይንካው፣ የእናቴን ወጥ ነው ያበላኸኝ» አሉኝ። እኔም «አሜን» አልኩ። ጭብጨባው ብዙም አላስጨነቀኝም። ምርቃቱ ነው ያልለቀቀኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያማስል ያደረው የእሳቸው እጅ ነው፤ አሜን ያልኩት እኔ።

ስመለስ እትዬ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ «ምን አሉ?» አሉኝ። «ጣፍጧቸዋል» አልኩ። «እሰይ፣ ተመስገን» አሉና ወደ ድስታቸው ዞሩ። አልተቀየሙም። ቢቀየሙ ይሻለኝ ነበር።

እኛ አገር «ባለሙያ ናት» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ወጥ ታውቃለች፣ እንጀራዋ ዓይን ያወጣል ማለት ነው። ቃሉ ራሱ የሴቶች ነው። ሆቴል ቤት ስትገቡ ግን ባለሙያው እኔ ሆኜ ቁጭ አልኩ። እኔ ሼፍ፣ እሳቸው ወጥ ሠሪ። ያቺ የእንጀራዋ እህታችን ደግሞ ጋጋሪ። በእኛ ቤት የደመወዙም፣ የሰርቪስ ቻርጁም ድርሻ የሚወጣው በዚህ ስም ነው። ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ...

እኔ ልጅ ሆኜ፣ ቢቸና፣ እናቴ ጓዳ ገብቼ ጉልቻው ሥር ስቀመጥ አጎቶቼ ያባርሩኝ ነበር። «ወንድ ልጅ ማድ ቤት ምን አለው?» ይላሉ። ደመወዝ ሲመጣበት ግን ያው ማድ ቤት የወንድ ሆነ። ይሄ እንዴት እንደሆነ አሁንም አይገባኝም። በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሆቴል ያቆሙት እኮ እቴጌ ጣይቱ ናቸው! ሴት።

ድስቱ ይከብዳቸዋል የሚሉም አሉ። እንስራ በጀርባዋ አዝላ ዳገት የወጣችን ሴት ነው ድስት ይከብዳታል የሚሉት። የማታ ፈረቃ ለሴት ይከብዳል የሚሉት ግን እውነት አለው። ማታ ባጃጅ አይገኝም፣ መንገዱም ያስፈራል። ግን መልሱ ማታ እንዳይሠሩ ማድረግ ነው? ሰርቪስ መኪና መመደብ ነው እንጂ። የማታው እራት ላይ ያልቆመ ሰው መቼ ነው ሥጋ ጠብሶ፣ ትዕዛዝ መርቶ የሚያድገው?

ከዚህ በፊት የሠራሁበት ቤት አንዲት ረዳት ነበረች። እጇ ፈጣን። አርግዛ ስድስት ወር ሲሆናት «ቆመሽ መሥራት አትችይም» ተባለች፤ በዚያው ቀረች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል። ያኔ አላውቀውም ነበር። እሷም አታውቀውም። አሁን የት እንዳለች... ተዉት፣ ስለሷ ሌላ ቀን።

እና ምን አደረግሁ መሰላችሁ፣ ለእትዬ የሙያ ብቃት ምዘና ቅጽ አመጣሁ። ሲኦሲ የምንለውን። ትምህርት ቤት ያልገባ፣ በሥራ የለመደም ሰው መመዘን ይችላል። ወረቀቱ ካላቸው የሥራ መደቡን መጠየቅ ይችላሉ ብዬ ነው። ቅጹ ቦርሳዬ ውስጥ ሦስት ቀኑ። አልሰጠኋቸውም።

ለምን ብትሉኝ... ሊጡን አሽትተው አብሲቱ መቼ እንደሚገባ የሚያውቁ ሰው ናቸው። ብርድ ሲሆን እርሾው እንደሚዘገይ፣ ሙቀት ሲሆን እንደሚቸኩል። እኔን ያስተማሩኝ እሳቸው። ታዲያ እኔ ነኝ ይመዘኑ ብዬ ወረቀት የምሰጣቸው? ደግሞ አለመስጠትስ? እሱም ልክ አይደለም። ወረቀት የሌለውን ማን ያየዋል?

ምናልባት መጀመሪያ ያን እሑድ መንገር አለብኝ። ሽማግሌው ምን እንዳሉ፣ ቃል በቃል። ምርቃቱ የእርስዎ ነበር ማለት። እንዴት እንደምጀምረው ግን...

ዝናቡ አባራ መሰለኝ። ነገ የጠዋት ፈረቃ ነኝ። እሳቸውም ጠዋት ናቸው።