ጫማዬን ልሰር

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው፣ ቀይዋ በርታለች። ዛሬም ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነኝ፣ ዛሬም የእማዬ ካፖርት ፊቴ ላይ ነው። የታችኛው ቤት ዶሮ ከጮኸ እንደ ወትሮው አብረን እንሰማዋለን። ለምን እንደጠፋሁ አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል፣ አባዬ ልቡን አሞት ነው፤ መልእክት የላካችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። አባዬ ደህና ነው። ሳሎን ዜና እየሰማ ነው፤ ድምፁን ቀንስ ብዬው እምቢ ብሏል።

ስለዚህ ማውራት የፈለግኩት ስለ ሕመሙ አይደለም። ማለቴ... ስለ ሕመሙ ነው፣ ግን ስለ ደረጃው ነው።

ብሎካችንን ታውቁታላችሁ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። እኔ ፊት ፊት እወጣለሁ፤ በአንድ እጄ አምስት ኪሎ ሽንኩርት፣ በሌላው ስልክ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የእግሩ ኮቴ ጠፋ። "አባዬ?" አልኩ፣ ሳልዞር። "ሂጂ አንቺ፣ ጫማዬን ልሰር" አለኝ። "ቶሎ በላ!" አልኩት።

ቶሎ በላ። ፌስታሉ ጣቴን እየቆረጠኝ ነበር እኮ። ስልኩ ላይ ማን እንደነበር እንኳ አሁን አላስታውስም።

ከዚያ በፊት ደግሞ፣ አዎ፣ ተልባውን ያፈላሁት እኔ ነኝ። "ደረቴን ያፍነኛል" ሲለኝ "ጨጓራህ ነው፣ በርበሬ ቀንስ" አልኩት። እኛ ቤት ሁሉም ነገር ጨጓራ ነው፤ ራስ ምታትም ጨጓራ ነው። ግን ሲበላ አላመመውም። ደረጃ ሲወጣ ነው ያመመው። ጨጓራ ደረጃ ይቆጥራል እንዴ?

ብቻ... ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ከእኔም ታናሽ ሳይሆን አይቀርም። በአባዬ እጅ አንጓ ባስገቧት ቀጭን ቱቦ ቀለም ረጭተው የቀረጹትን ኮምፒውተር ላይ ከፈተልኝ። ግራጫ ነገር ላይ ጥቁር ሐረግ ይዘረጋል፣ ይጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ይጠፋል። በእስክሪብቶው ጫፍ አንድ ቦታ ነካ። ሐረጉ እዚያ ሲደርስ ክር ያክላል፣ ከዚያ ወዲያ መልሶ ይሰፋል። "ከግራው ደም ቅዳ ተገንጥሎ በልብ ፊት ለፊት የሚወርደው ነው" አለኝ። እኔ ምን ብዬ ብጠይቀው ጥሩ ነው? "ልብ ራሱ ደም ሞልቶት የለ? ለምን ከውስጡ አይጠጣም?"

አልሳቀብኝም። "እህቴ፣ ነዳጅ የጫነ ቦቴ በጫነው ነዳጅ ይሄዳል?" አለኝ። አይሄድም፣ የራሱ ታንክ አለው። የልብም ጡንቻ ወፍራም ነው፤ በውስጡ ከሚያልፈው ደም የሚጠቀመው እጅግ ስስ የሆነው የውስጥ ሽፋኑ ብቻ ነው። ለተረፈው ሁለት ደም ቅዳዎች አሉት፣ ግራና ቀኝ። የሚነሱትም አኦርታ የሚሉት ትልቁ ደም ቅዳ ገና ከልብ ሲወጣ፣ ከበሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ልብ ለሰውነት ከሚረጨው ደም መጀመሪያ የሚቆርሰው ለራሱ ነው ማለት ነው። ዕረፍት ላይ ላለ ሰው በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ይረጫል፤ ከዚያ ለራሱ የሚያስቀረው ሩብ ሊትር ያህል ነው። አንድ ብርጭቆ። እኔ ብሆን አምስቱንም...

ይቅርታ፣ ቀልድ አይደለም። ቆይ፣ ዋናው እዚህ ነው። እጃችሁን ጨብጡ። አጥብቃችሁ። አሁን ፍቱት። መዳፋችሁ ነጥቶ ደሙ ተመለሰ አይደል? ልብም እንደዚያ ነው። ሲኮማተር የገዛ ቧንቧዎቹን ይጨምቃቸዋል፤ በተለይ ግራው ክፍል አብዛኛውን ደሙን የሚያገኘው ሲፈታ ነው። ሲያርፍ ነው የሚበላው። በደቂቃ 60 ጊዜ የሚመታ ልብ፣ ከያንዳንዷ ሰከንድ ሲሶዋን ያህል ይሠራል፣ በቀረችው ይበላል። ደረጃ ስንወጣ ምቱ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ይበልጥ የምታጥረው ደግሞ የማረፊያዋ ናት። ሌላው ጡንቻ ቁጭ ባልንበት ጊዜ ብዙ ኦክስጅን ሳይወስድ ደሙን ይመልሳል፣ ለክፉ ቀን ይተርፈዋል። ልብ ግን ዕረፍት ላይም ሳለ ከደረሰው 70 በመቶ ያህሉን ወስዶታል። ጨምርልኝ ማለት የሚችለው ደሙን ነው። ቧንቧው ክር ሲያክልስ?

ይቆማል። ሰውየው ይቆማል፣ ልቡ ቀስ ይላል፣ አፈናው ይለቃል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ልቡን እያበላ ነበር። እኔ ደግሞ ቶሎ በላ።

እነዚህን ቧንቧዎች ለይቶ ቀለም መርጨት የተጀመረው በስሕተት መሆኑን ታውቁ ነበር? ሌሊት ስልኬ ላይ ያነበብኩት ነው። በ1958 እንደ ፈረንጆች፣ ክሊቭላንድ ውስጥ፣ ሜሰን ሶንስ የሚባል ሐኪም ቀለም አኦርታ ውስጥ ሊረጭ ሲል ቱቦው ተንሸራቶ ቀኙ ቧንቧ ውስጥ ገብቷል። የበሽተኛው ልብ ቆመ። ሶንስ "አስል! አስል!" ብሎ ጮኸበት፣ ሰውየው ሲያስል ልቡ ተመለሰ። አስል! ይህን ለአባዬ ስነግረው "እኛ ስናስል ዝንጅብል ነው የሚሰጡን" አለኝ። ስቴንት፣ ያቺ የጠበበውን ቧንቧ ከፍታ የምትይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ፣ ገብታለት እንኳ ለጎረቤት ሁሉ "ጨጓራ ነበር" እያለ ነው።

እና... ጫማው። ወደ ውስጥ ሲያስገቡት ልብሱን በፌስታል ሰጡኝ። ኮሪደሩ ላይ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ቁጭ ብያለሁ። ከላይ ጫማው ነበር፣ ያ ቡናማው፣ የዚያን ቀን ያደረገው። ገለበጥኩት፣ በጎን አየሁት። ማሰሪያ የለውም። የሚጠለቅ ነው። ማሰሪያ ኖሮትም አያውቅም፣ ደግሞ የገዛሁለት እኔ ነኝ።

እና ያውቅ ነበር ማለት ነው? ወይስ አፍሮ ነው? እንዳልደነግጥ? ወይ ደግሞ አፉ ላይ የመጣለትን ነው የተናገረው... ልጠይቀው እያልኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ብጠይቀው ደግሞ ይስቃል። ወይ አይስቅም። እሱ ነው እንዲያውም የ...

ቆይ። የበር ድምፅ ነው? ዜናው ቆሟል። አባዬ? ...ወደ ታች እየወረደ ነው መሰለኝ። ብቻውን? ቆዩኝ፣ አንድ ደቂቃ፣ ይሄን ላጥፋ...