ለሁለት ይከፈላል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም ከቱሉ ዲምቱ ነኝ፣ ከቤቴ። ከኋላዬ የሚሰማው ድምፅ የውሃ ነው። ዛሬ የእኛ ፈረቃ ስለሆነ ሮቶው እየሞላ ነው። እስኪሞላ ጠብቄ ልቅረፅ ብዬ ነበር። ግን የማወራችሁ ስለዚሁ ሮቶ ስለሆነ ይሰማ ብዬ ተውኩት።

ሰፈሩን ለማታውቁት፣ ቱሉ ዲምቱ ከቃሊቲ አልፎ፣ የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ መነሻ አካባቢ ያለ የኮንዶሚኒየም ሰፈር ነው። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ የጥበቃ ደሞዝ፣ የደረጃ መብራት፣ የተደፈነ ፍሳሽ፣ ሁሉም የሚያልቀው በስብሰባና በመዋጮ ነው። እኔ የብሎካችን ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ማስታወቂያ ጽፌ ደረጃው መግቢያ ላይ የምለጥፈው እኔ ነኝ።

አምና ሮቶና ፓምፕ ልንገዛ ተስማማን። እኔም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የሮቶና የፓምፕ መግዣ በየቤቱ 3,000 ብር ሆኖ ለሁለት ይከፈላል።»

እስቲ ደግማችሁ ስሙት። ለሁለት ይከፈላል።

እኔ ስጽፈው በሁለት ዙር ማለቴ ነበር፤ በዚህ ወር 1,500፣ በሚቀጥለው ወር 1,500። ሰብሳቢያችን ጋሼ ደግሞ የገባቸው ሌላ ነው፤ ግማሹን የቤቱ ባለቤት፣ ግማሹን ተከራዩ። ወረቀቱን ከመለጠፌ በፊት አሳይቻቸዋለሁ። አንብበው «ጥሩ ነው» አሉኝ። ሁለታችንም ተስማምተናል፣ የተስማማነው ግን በአንድ ሐሳብ አልነበረም።

ጉዱ የታየው ገንዘብ ያዣችን ደብተሯን ስትገልጥ ነው። ከላይ እስከ ታች በየቤቱ ቁጥር ትይዩ 1,500፣ 1,500፣ 1,500 ተጽፏል። አሁን ይሄ የመጀመሪያው ዙር ነው? ወይስ የተከራዩ ድርሻ? ከደብተሩ ማወቅ አይቻልም። ተከራዮቹ «የእኛን ጨርሰናል» አሉ። ከተማ የሚኖሩት አከራዮች ሲደወልላቸው «ተከራዩ ከፍሎ የለም እንዴ?» አሉ። የዋሸ ሰው የለም። አማርኛው ራሱ ነው ሁለቱንም የፈቀደላቸው። ከፈለ ማለት ገንዘብ ሰጠ ነው፤ ከፈለ ማለት አካፈለ፣ ለያየም ነው።

እሑድ ተሰበሰብን፣ ኮሙናሉ በር ላይ፣ የፕላስቲክ ወንበር ደርድረን። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር እህታችን ልጇን አዝላ ከኋላ ቆማ ነበር። ተከራይ ናት። እጇን አወጣችና «ለሁለት የተባለው ለማንና ለማን ነው? ወይስ ሁለቴ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ በዚያ ስብሰባ ላይ አልተጠየቀም። መልስ ልሰጥ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ተነስቼ ያልኩትን ልንገራችሁ፦ «እህቴ፣ አንቺ ተከራይ ነሽ። ነገ ትለቂያለሽ። የብሎኩን ጉዳይ ለእኛ ተይው።»

ሁለት ሦስት ሰው ራሱን ነቀነቀልኝ። ጋሼ «በሉ ወደ ጥበቃው ጉዳይ እንለፍ» አሉ። እሷ የልጇን አንቀልባ ጠበቅ አድርጋ አሰረች፣ ትንሽ ቆመች፣ ከዚያ ደረጃውን ይዛ ወጣች።

ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ላይ የሎጂክ ኮርስ የወሰዳችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። አድ ሆሚነም ይባላል፤ ሐሳቡን ትቶ የሐሳቡን ባለቤት መምታት። እኔም ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ። በአገራችን ቋንቋ ከዚህም ቀድሞ ተብሏል፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ጥያቄውን ፈራሁና ጠያቂዋን መታሁ። ለምን ፈራሁ? መልሱ «ወረቀቱ ተሳስቷል» ስለሆነ ነው። ወረቀቱ ደግሞ የእኔ ነው።

ደግሞ የሰጠሁት ምክንያት በራሱም አይቆምም። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። «ነገ ትለቂያለሽ» ያልኳት ሴት ሮቶው ከተተከለ በኋላ ከብዙዎቻችን እኩል ውሃውን ትቀዳለች። ግን ይሄ እንኳን ዋናው ነገር አይደለም። በማግስቱ የምትለቅ ብትሆንም ጥያቄዋ ያው ጥያቄ ነው። ለማንና ለማን?

አርስቶትል ሶፊስቶች ስለሚባሉት የጥንት ግሪክ የክርክር መምህራን ስልት በጻፈው ሥራው 13 ዓይነት የአመክንዮ ሕፀፆችን፣ ማለትም የክርክር ስህተቶችን፣ ይዘረዝራል። ስድስቱ ከቋንቋ የሚመጡ ናቸው፣ ሰባቱ ከቋንቋ ውጭ የሆኑ። ከስድስቱ አንዱ፣ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ይዞ መሃል ላይ ሲገለበጥ ነው። የእኔ «ይከፈላል» እዚያ ውስጥ አለ። ሌላው ከድምፅ አወጣጥ የሚመጣ ነው፤ እሱ ሲናገሩት ብዙ አያሳስትም፣ ሲጽፉት ነው የሚያሳስተው ይላል። ይህን ሳነብ ወዲያው የመጣልኝ የእኛ ፊደል ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አንድ ጊዜ «ሰብሳቢው አለ» ተብሎ ተጻፈ። ግማሹ ሰው ጋሼ ቤት አሉ ብሎ ሊያገኛቸው ሄደ፤ ግማሹ «ምን አለ?» እያለ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እኛ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል የምንወድ ሕዝብ ነን። ቅኔ ላይ ህብረ ቃል ሲመጣ፣ ሰሙን ሰምተን ወርቁን ስናገኝ ደስታው ልዩ ነው። ይህን ፍቅር አልነካም። ነገር ግን ባለቅኔው ሁለቱንም ትርጉም አውቆ ነው የሚያስቀምጠው። እኔ ወረቀቱ ላይ ያስቀመጥኩትን ሁለተኛ ትርጉም አላውቀውም ነበር። ስንፈልግ ደግሞ እንዴት ጥርት አድርገን እንደምንናገር የምንኖርበት ቤት ምስክር ነው። 20/80 ሲባል የሚሳሳት ሰው የለም፤ 20 በመቶው ቅድመ ክፍያ፣ 80 በመቶው የባንክ ብድር። ማን ምን እንደሚከፍል ተነግሯል።

ከስብሰባው በኋላ ነገሩ አላቆመም። አንድ የኮሚቴ አባል ግሩፑ ላይ «ሁሉም ቤቶች አልከፈሉም» ብሎ ጻፈ። ሙሉ 3,000 የከፈሉ አንዲት እናት «እኔ አልከፈልኩም ነው የምትለኝ?» ብለው በሩን አንኳኩ። እሱ «ያልከፈሉ አሉ» ማለቱ ነው። እሳቸው የሰሙት «አንድም የከፈለ የለም» የሚለውን ነው። አማርኛው ሁለቱንም ይሸከማል፣ እሳቸውም እሱም ልክ ናቸው። ሌላው ደግሞ «ተከራይ ከበዛ ወዲህ ነው ደረጃው የቆሸሸው» አለ። ደረጃ የምትጠርገው ልጅ ሥራ ያቆመችው በዚያው ሰሞን እንደሆነ ያስታወሰው አልነበረም። አንዱ ነገር ከሌላው ቀጥሎ ስለመጣ ብቻ የሌላው ልጅ አይሆንም። «ተወስኗል»፣ «ተብሏል»፣ «ሰው ሁሉ እያወራ ነው» የሚሉትን እንኳ ብጀምር ዛሬ አንጨርስም። ማን ወሰነ? ማን አለ? ባለቤት የሌለው ግሥ ብሎካችን ውስጥ ሞልቷል።

አንድ ነገር ግን በደንብ እንዲሰማልኝ እፈልጋለሁ። ሮቶው ተገዛ፣ ይሠራል፣ ይኸው ትሰሙታላችሁ። ውሳኔው ትክክል ነበር። የእኔ ክርክር ብልሹ መሆኑ ውሳኔውን ስህተት አያደርገውም፤ የውሳኔው ማማርም ክርክሬን አያነጻልኝም። ይህን ለመለየት ጊዜ ወስዶብኛል። ውሃ በመጣ ቁጥር «ይኸው ልክ ነበርኩ» እያልኩ ለራሴ ስነግረው ቆይቻለሁ። ልክ የነበረው ሮቶው ነው።

ከዚያ ሰሞን ደግሞ ሌላ ጥፋት ውስጥ ገባሁ። ቡና ላይ ታናሽ ወንድሜ አንድ ነገር ሲል «ይሄ ሕፀፅ ነው፣ ስሙም እንዲህ ይባላል» ማለት ጀመርኩ። ስም ሰጠሁት እንጂ አልመለስኩለትም። አንድ ቀን ሲኒውን አስቀምጦ «እሺ፣ ስሙን አወቅነው። መልሱስ?» አለኝ። ዝም አልኩ።

በድሮው ሙግት «በላ ልበልሃ» ተባብለው ሲገጥሙ «ተጠየቅ» የሚባል ነገር ነበር። ተሟጋቹ «ተጠየቅ» ሲባል የተጠየቀውን መመለስ ነበረበት። እኔ ከዚያ ሥርዓት በጣም የምወደው ይህን ነው። ያቺ እህታችን ተጠየቅ ብላኝ ነበር። እኔ ግን አልመለስኩም።

ከዚያ እሑድ ወዲህ ስብሰባ አልመጣችም። መዋጮዋን በልጅ ትልካለች። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፣ አትቆምም። ለወራት እንዲህ ሆነ።

ያለፈው ሳምንት ለደረጃ መብራት መዋጮ የሚሆን ማስታወቂያ ጻፍኩ። ከመለጠፌ በፊት ይዤው ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁና አንኳኳሁ። ይቅርታ ጠየቅኳት፣ በር ላይ ቆሜ፤ ያን ዕለት መልስ ስለሌለኝ ነው ያን ያልኩሽ አልኳት። «ግቡ» አለችኝ፣ ሻይ አቀረበች። ልጅዋ አሁን ዳዴ ትላለች። ወረቀቱን ሰጠኋትና አነበበች፣ እኔም ላንብብላችሁ፦

«የደረጃ መብራት መዋጮ ለአንድ ቤት 400 ብር ነው። በተከራየ ቤት 200 ብሩን ባለቤቱ፣ 200 ብሩን ተከራዩ ይከፍላል። ባለቤቱ በሚኖርበት ቤት 400 ብሩን ባለቤቱ ይከፍላል። ክፍያው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በጊዜ ለገንዘብ ያዥዋ ይሰጥ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ጣቷን የመጨረሻው መስመር ላይ አድርጋ «በጊዜ ማለት መቼ ነው?» አለችኝ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን እስክሪብቶም ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።