የእናቴ ደብተር

የተከበራችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ በተለይ የታመመ ወላጃችሁን ለሰው አደራ ሰጥታችሁ ልባችሁ ቤት ቀርቶ እዚህ የተቀመጣችሁ፤ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

እናቴ የመርሳት በሽታ ይዟታል፤ «እትዬ» ትለኛለች። ሟች ታላቅ እህቷን መስያት ነው። መጀመሪያ ላይ «ልጅሽ ነኝ እኮ!» እያልኩ እሟገታት ነበር። እሷም ትደነግጣለች፤ እኔም አለቅሳለሁ። አንድ ማታ የልጄን ያለቀ የሒሳብ ደብተር አነሣሁና በጀርባው «ዛሬ እትዬ ስትለኝ አቤት አልኳት። ሳቀች» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ አላቋረጥኩም። እናንተንም የምለምናችሁ ይህንኑ ነው፤ ጻፉ።

አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ራሱ የታወቀው አንድ ሐኪም ቁጭ ብሎ ስለጻፈ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1901 ፍራንክፈርት ውስጥ አሎይስ አልዛይመር የ51 ዓመቷን አውጉስተ ዴተርን የጠየቃትንና የመለሰችለትን ቃል በቃል ይመዘግብ ነበር። ስሟን እንድትጽፍ ሲጠይቃት «ወይዘሮ» ብላ ጀምራ ቀሪውን ረሳችው። ያንንም ጻፈው።

ባለፈው ክረምት እናቴን በሦስት ቀን ውስጥ ባሰባት። ሌሊቱን ሙሉ ስትባንን ታድራለች፤ ቀን ደግሞ ምግብ እንቢ ትላለች። ዘመድ ሁሉ «በቃ፣ በሽታው ነው» አለ። ሐኪሙ ግን «መቼ ጀመራት?» ብሎ ጠየቀኝ። ደብተሩን ብገልጥ ከማክሰኞ ጀምሮ ሽንት ቤት መመላለሷን ጽፌአለሁ። ሽንቷ ሲመረመር ኢንፌክሽን ተገኘ። መድኃኒቷን ስትጨርስ እንቅልፏም የምግብ ፍላጎቷም ተመለሰ። እባካችሁ፣ በድንገት የመጣን ለውጥ ለመርሳት በሽታ ብቻ አትስጡት!

ነጠላዬን ሰረቀችኝ ብላ ሠራተኛችንን የከሰሰችበትን ቀን ጽፌአለሁ፤ ነጠላው ከፍራሿ ሥር መገኘቱንም ጽፌአለሁ። ያቺ ልጅ ስሟ መንጻት አለበት። በእናቴ ላይ የጮኽኩበትን ሌሊትም አልደበቅኩም፤ እሱን መጻፍ ከሁሉም ይከብዳል። «ጃጀች» የሚለውን ቃል ግን እዚያ ውስጥ አታገኙትም። እናቴ ብታነበው አንገቷን የምትደፋበትን ነገር አልጽፍም፤ ፈቃዷን ልጠይቃት አልችልምና።

የትናንቱን ላንብብላችሁ።

«ከቀኑ 9 ሰዓት። ቡና አፈላሁ። አቦሉን ጠጥታ ‹ዛሬ ቡና የለም እንዴ፣ እትዬ?› አለችኝ። ቶናውን ቀዳሁላት። በረካውንም ቀዳሁላት። ሦስቱንም አቦል ብላ ጠጣቻቸው።»