በሦስት ቫዮሊን ኳርቴት አይሆንም

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ልጆች፤ እንደምን አመሻችሁ?

ዛሬ አራት ልጆቻችን የኦስትሪያዊውን አቀናባሪ የሃይድንን ሙዚቃ ሊያሰሙን ነው። አዘጋጆቹ አስቀድሜ ስለ ኳርቴት ጥቂት እንድናገር ሲጠይቁኝ ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ፤ ወረቀቴንም አዘጋጀሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ከልጆቹ የአንዷ እናት ስልክ ደወሉና ወረቀቴን አስቀደዱኝ። «ልጄ ሰባት ዓመት ሙሉ ቫዮሊን ስትማር ኖራ፣ አሁን ከቫዮሊን አውርደው ቪዮላ የሚባል ነገር ሰጧት። ምን አጥፍታ ነው?» አሉኝ። ስማቸውን አልጠራም፤ እዚሁ መካከላችን ተቀምጠዋል። የዛሬው ንግግሬ ለእርሳቸው የሚሆን መልስ ነው፤ ሌሎቻችሁ እግረ መንገዳችሁን ስሙት።

ቪዮላ ከቫዮሊን ተለቅ ያለች፣ ድምፅዋም ወፈር ያለ መሣሪያ ናት። በሙዚቀኞች ዘንድ የሚቀለድባትን ያህል በሌላ መሣሪያ አይቀለድም። ኳርቴት ደግሞ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ ነው፤ ቼሎ ተቀምጠው በጉልበት መካከል ይዘው የሚጫወቱት፣ ከሁሉም ድምፁ የወፈረ ትልቅ መሣሪያ ነው። ፊት ቆሞ በዘንግ የሚመራ የለም። በትልቅ ኦርኬስትራ ውስጥ አሥርና አሥራ አምስት ሰው አንድ ዜማ አብሮ ስለሚጫወት አንዱ ቢሳሳት በሌላው ይሸፈናል። እዚህ ግን እያንዳንዱ ዜማ አንድ ባለቤት ብቻ ነው ያለው። ማኅሌት ቆማችሁ የምታውቁ፣ ቀኝና ግራ ተሰልፈው አንዱ ወገን ሲያነሣ ሌላው እንዴት እንደሚቀበል ታውቃላችሁ። ኳርቴትም መቀባበል ነው፤ ልዩነቱ ተቀባዮቹ አራት መሆናቸውና ብዙ ጊዜም አራቱም የተለያየ ነገር በአንድ ጊዜ መናገራቸው ነው።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልሂድ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

እኔ ለንደን በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ያገለገሉ ዕቃዎች ከሚሸጡበት ሱቅ አንድ ሸክላ በ50 ሳንቲም ገዛሁ። የማጫወቻው ዕቃ አልነበረኝም። ለወራት የአራቱን ሰዎች ፎቶግራፍ ብቻ እያየሁ ተቀመጥኩ። አማዴየስ ኳርቴት ይባላሉ። ጥቁር ልብስ የለበሱ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ የሚመስሉ ሰዎች ናቸው። ታሪካቸውን ሳነብ ግን ከአራቱ ሦስቱ ስደተኞች ሆነው አገኘኋቸው።

በ1938 ሂትለር ኦስትሪያን ሲጠቀልል ኖርበርት ብራይኒን፣ ዚግመንድ ኒሰልና ፒተር ሺድሎፍ የ15 እና የ16 ዓመት አይሁዳውያን ልጆች ነበሩ። ሸሽተው እንግሊዝ ገቡ፤ ኒሰልና ሺድሎፍ የመጡት ልጆችን ከወላጆቻቸው ለይቶ በሚያሻግረው ጉዞ ነው። በ1940 ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት ሰላይ ፈራ። የጀርመንና የኦስትሪያ ወረቀት የያዙ ብዙ ሺህ ሰዎችን፣ ከሂትለር የሸሹትን ጭምር፣ «የጠላት አገር ዜጋ» ብሎ አጎረ። ብራይኒንና ሺድሎፍ የተዋወቁት ሽሮፕሻየር ውስጥ ፕሪስ ሂዝ በሚባለው ካምፕ ነው። ብራይኒን ሲፈታ ሺድሎፍ «ማን» ወደሚባለው ደሴት ተወሰደ፤ እዚያም ከኒሰል ጋር ተገናኘ። ወረቀት፣ ቃለ መጠይቅ፣ መቼ እንደሚያልቅ የማይታወቅ ጥበቃ፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህንን ማብራራት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

ከካምፕ ሲወጡ ማክስ ሮስታል የተባለ፣ እርሱም ስደተኛ የሆነ ታላቅ የቫዮሊን መምህር ያለ ክፍያ አስተማራቸው። ማርቲን ላቬት የሚባል የለንደን ልጅ በቼሎው ተጨመረ። አራት ሆኑ ማለት ነው። ግን ቁጥሩን ልብ በሉ፤ ሦስቱ ቫዮሊን ተጫዋቾች ናቸው! በሦስት ቫዮሊን ኳርቴት አይሆንም። አንዱ ቫዮሊኑን ማስቀመጥ ነበረበት፤ ያስቀመጠው ሺድሎፍ ነው። በጨዋታ ስላነሰ አልነበረም። ከመሪ ቫዮሊን ተጫዋች ጋር እኩል የሚናገር ሰው መሃል ላይ ሲቀመጥ የጠቅላላው ድምፅ መልክ ይለወጣል፤ የአማዴየስን ሸክላ የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት የሙዚቃ ትምህርት አያስፈልገውም።

በ1947 ዳርቲንግተን በሚባል የእንግሊዝ ገጠር ሲጫወቱ የሰማቻቸው ሙዚቀኛዋ ኢሞጀን ሆልስት፣ ለንደን አዳራሽ ተከራይተው እንዲቀርቡ 100 ፓውንድ ሰጠቻቸው። ጥር 10 ቀን 1948 በዊግሞር አዳራሽ ቀረቡ፤ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ስለ አዳራሹ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ከኦክስፎርድ ጎዳና ጀርባ የሚገኘውን ይህን አዳራሽ የሠራው ቤክሽታይን የተባለ የጀርመን የፒያኖ ፋብሪካ ነው፤ በ1901 ሲከፈትም በእርሱ ስም ይጠራ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት «የጠላት ንብረት» ተብሎ ተወረሰ፣ ተሸጠ፣ በ1917 በአዲስ ስም ተከፈተ። እንግዲህ ጠላት ተብለው የታሰሩ ልጆች ስማቸውን የተከሉት ጠላት ተብሎ በተወረሰ ቤት ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ልዘርዝር ብል ልጆቹ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ዓለምን ዞሩ፣ የቤትሆቨንን ኳርቴቶች በሙሉ በሸክላ አስቀረጹ፣ ኮሎኝ ውስጥ አስተማሩ። እንግሊዛዊው አቀናባሪ ቤንጃሚን ብሪተን ሦስተኛውንና የመጨረሻውን ኳርቴቱን ታሞ ሳለ ጻፈ፤ እርሱ ታኅሣሥ 4 ቀን 1976 ሞተ፣ አማዴየሶች በዚያው ወር በ19ኛው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ አሰሙለት። በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ሰው አልቀየሩም።

በ1987 ሺድሎፍ ሞተ። ሌሎች ኳርቴቶች አንዱ ሲሞት ወይም ሲለቅ ሌላ ይተካሉ፤ የሚያስነውር ነገር የለውም። እነዚህ ግን አልተኩም። አማዴየስ ኳርቴት በተመሠረተ በ40 ዓመቱ አበቃ። ብራይኒን ነበረ፣ ኒሰል ነበረ፣ ላቬት ነበረ። ቪዮላው አልነበረም።

እንግዲህ እናቴ፣ ልጅዎን ከምንም አላወረዷትም።

አንድ ነገር ብቻ ጨምሬ ልቀመጥ። ዛሬ የምትሰሙት ሃይድን በ1797 ለኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ለፍራንዝ ልደት ያቀናበረውን መዝሙር መልሶ የተጠቀመበት ኳርቴት ነው። በዚያው ዜማ ላይ በ1841 ሌላ ግጥም ተጻፈ፤ በ1922 የጀርመን ብሔራዊ መዝሙር ሆነ፤ ናዚዎችም ዘመሩት። እነዚያን ልጆች ከቤታቸው ያባረረው መንግሥት መዝሙር ይህ ነበር። አማዴየሶች ግን ይህንን ኳርቴት አስቀረጹት፤ እኔ በ50 ሳንቲም የገዛሁት ሸክላም እርሱ ነው። ዜማውን ለባለቤቱ ለሃይድን እንደመለሱለት እቆጥረዋለሁ።

ሁለተኛው ክፍል ሲጀምር፣ መዝሙሩን አንደኛው ቫዮሊን ያሰማችኋል። ሃይድን ከዚያ በኋላ ዜማውን ሳይለውጥ በየተራ ያዞረዋል። መጀመሪያ ለሁለተኛው ቫዮሊን ይሰጠዋል፤ አንደኛው ቫዮሊን በላዩ ላይ ጥልፍ ሲጠልፍ ቪዮላና ቼሎ ዝም ይላሉ። ቀጥሎ ቼሎው ይይዘዋል። በሦስተኛው ዙር ዜማው ለቪዮላ ይደርሳታል። ያን ጊዜ ዓይናችሁን ወደ ጎበዟ ልጅ አድርጉ፤ እናቷም ዓይንዎን እንዳይነቅሉ። በመጨረሻ ወደ አንደኛው ቫዮሊን ይመለሳል።

በክፍሎቹ መካከል ጸጥ ሲሉ አላለቀም፤ ጭብጨባውን ለመጨረሻው አቆዩላቸው። ስልኮቻችሁንም ዝጉ።

ልጆች፣ ግቡ።